ወደ ደብረ ማርቆስ ከሙሉቀን መለሰ ድምፅ ጋር

አንባቢ ሆይ! ወደ ደብረ ማርቆስ ሄደው ያውቃሉ? ያልሄዱ እንደ ሆነ አንድ ቀን መሄድዎ አይቀርም። ተማሪ ከሆኑ የዩኒቨርሲቲ ምደባ፣ የመንግሥት ሠራተኛም ከሆኑ የሥራ ዝውውር ይወስድዎ ይሆናል። ያን ጊዜ ወዳጆችዎ ተሰብስበው ይመክሩዎታል። አንዱ ስለ ብርዱ ነግሮ ወፍራም ጋቢ ያስይዝዎታል፤ ሌላው ስለ ጤፉና ስለ ማሩ ያወራልዎታል፤ ሦስተኛው ደግሞ የጎጃም ሰው ቅኔ ዐዋቂ ነውና በንግግርዎ ይጠንቀቁ ይልዎታል። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን ለመንገድዎ ሌላ ስንቅ ልጨምርልዎ እወዳለሁ። ስንቁም የአንድ ሰው ድምፅ ነው።

ሰውየው ሙሉቀን መለሰ ነው። “ሄደች አሉ”ን ወይም “ወተቴ ማሬ”ን በሠርግ ቤት ወይም በሻይ ቤት ያላዳመጠ ከተሜ ይገኛል ብዬ አላምንም። ነገር ግን ዘፈኑን የሚያውቀው ሰው ብዙ ሲሆን፣ ዘፋኙ ከወዴት መጥቶ ወዴት እንደ ሄደ የሚያውቀው ጥቂት ነው። የመጣው ከጎጃም ነው። የሄደበትን ደግሞ በመንገዳችን ላይ ቀስ እያልሁ እነግርዎታለሁ።

በዓባይ በረሃ የተነሣ ክርክር

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ በሕዝብ አውቶቡስ ተሳፍሬ ተነሣሁ። እንጦጦን ተሻግረን የሱሉልታን ሜዳ፣ ከዚያም ጫንጮንና ሙከ ጡሪን አለፍን። የደብረ ሊባኖስን መገንጠያ ስንደርስ ምእመናን ከየወንበራቸው ሆነው አማተቡ። ገብረ ጉራቻን አልፈን ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ፀሐይዋ ሞቅ ብላ ነበር።

ከጎሐ ጽዮን ወዲያ ምድር የምታልቅ ይመስላል። አውቶቡሱ አፍንጫውን ወደ ቁልቁል አዘንብሎ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከላይ ጋቢ የደረበ ሁሉ ከታች ሲደርስ ሸሚዙን ይከፍታል፤ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ሲወረድ ደጋው በአንድ ጊዜ በረሃ ይሆናልና። ከሸለቆው ወለል ዓባይ ይፈስሳል። በላዩ ላይ አሮጌው ድልድይ አለ፤ አጠገቡም በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው አዲሱ ድልድይ ተዘርግቷል።

ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ሾፌሩ የሙሉቀንን ዘፈን ከፈተ። ያ ቀጭን፣ ልጅነት ያልተለየው ድምፅ አውቶቡሱን ሞላው። ከፊቴ የተቀመጠ አንድ ወጣት፣ ለፈቃድ ወደ ቤተ ሰቦቹ የሚሄድ ጸሓፊ መሆኑን ቀደም ብሎ ነግሮኝ ነበር፣ ራሱን እየነቀነቀ ሲያዳምጥ ቆየና፣

“እንዲህ ያለ ድምፅ ተሰጥቶት እንዴት ሰው ዝም ይላል? አሜሪካ ተቀምጦ አንዲት ዘፈን እንኳ ቢለቅልን ምን ይጎዳዋል?” አለ።

ከጎኑ ነጭ ጋቢ የተከናነቡ፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል ያቆሙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ።

“ድምፁ የማን ነው ልጄ?” ብለው ጠየቁት።

“የራሱ ነው አባባ።”

“እንግዲያስ የራሱን ቢያስቀምጥ ማን ይጠይቀዋል?”

“ሕዝብ ይጠይቀዋል እንጂ! ያከበረው ሕዝብ ነው።”

“ሕዝብ ያከበረው ከዘፈነ በኋላ ነው፤” አሉ ሽማግሌው። “ልጅ ሳለ እጁን ይዞ ያሳደገው ግን አጎቱ ነው ይባላል። ዕዳ ካለበት ለእርሱ ነው።”

አንባቢ ሆይ፣ አውቶቡሱ በሁለት ተከፈለ። ገሚሱ “እውነት ነው” አለ፤ ገሚሱ “ስጦታ የተቀበለ መልሶ ለሌላው መስጠት አለበት” አለ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴት ደግሞ፣ “እናንተ እየተከራከራችሁ ዘፈኑ አለቀ፤ መልስልን ሾፌር!” ብለው ሁሉንም አሳቁ። ሾፌሩ መለሰው። ክርክሩ ግን ደጀን እስክንገባ ድረስ አልበረደም፤ በእኔም ልብ ውስጥ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ቆየ።

የአጎት ስም

ሽማግሌው ስለ አጎቱ የተናገሩት ነገር ቀላል አይደለም። ሙሉቀን በ1946 ዓ.ም. ገደማ በጎጃም ሲወለድ ሙሉቀን ታምር ነበር። ገና ሕፃን ሳለ ከአጎቱ ጋር ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ በዚያም ሙሉቀን መለሰ ተባለ። መለሰ የአጎቱ ስም ነው።

በአገራችን የአባት ስም እንደ ሸሚዝ አይለወጥም። ሰው ተወልዶ እስኪሞት፣ በመዝገብም በመቃብርም ላይ፣ ከአባቱ ስም ጋር ይጻፋል። ስለዚህ የአጎቱን ስም ይዞ የሚያድግ ልጅ በተጠራ ቁጥር ሁለት ነገር ይሰማል፤ የተሰጠውንና የቀረውን። ከእናንተ ከአንባቢዎቼ መካከል ለትምህርት ብላችሁ ከገጠር ወጥታችሁ በዘመድ ቤት ያደጋችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? በአጎት ወይም በአክስት ቤት እንጀራ የበላ፣ በእነርሱ ፋኖስ ወይም አምፖል ያጠና ሰው ይህን ነገር ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል።

ከመንቆረር እስከ ደብረ ማርቆስ

ከደጀን ወዲያ ደጋው እንደ ገበታ ይዘረጋል። የትኖራን፣ ሉማሜንና አምበርን እያለፍን ስንሄድ በግራና በቀኝ የጤፍ ማሳ፣ የባሕር ዛፍ ጥላና የሣር ክዳን ጎጆ እየተፈራረቀ ይታይ ነበር። በስተ ሰሜን በኩል የጮቄ ተራራ ደመና ተከናንቦ ይታያል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ ተራራ የብዙ ወንዞች መፍለቂያ ነው፤ ውኃውም ሁሉ ወደ ዓባይ ይወርዳል።

ደብረ ማርቆስ በድሮ ስሟ መንቆረር ትባል ነበር። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው በነገሡ ጊዜ መቀመጫቸው እርስዋ ነበረች። ከተማዪቱ የዛሬ ስሟን ያገኘችው ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ወደ አዲስ አበባ ከመዝለቃቸው በፊት የገቡባት ከተማ ይህችው ናት። ለረጅም ጊዜ የጎጃም ዋና ከተማ ሆና ቆየች፤ ዛሬ የምሥራቅ ጎጃም ዞን መቀመጫ ናት። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከየማዕዘኑ በመጡ ተማሪዎች ሞልቷታል።

አንባቢ ሆይ፣ ወደዚህች ከተማ ሲመጡ ዓይንዎን ብቻ ይዘው አይምጡ፤ ጆሮዎንም ይክፈቱ። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የቤተ ክርስቲያኑ ዜማ ከብርዱ ጋር ተደባልቆ በመስኮት ይገባል። ካህናቱ ከቅዱስ ያሬድ የወረሱትን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ እያፈራረቁ ድምፃቸውን ሲያነሡና ሲያወርዱ፣ አንዱ ፊደል በጉሮሮ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተጠምዞ ሲወጣ ይሰማሉ። ቀን ደግሞ ከከተማው ወጣ ብለው በከብት መሰማሪያው በኩል ቢሄዱ የእረኛ ዋሽንት ያገኛሉ። በመሸም ጊዜ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በየጠጅ ቤቱ ይዞራል፤ እርስዎን አየት አድርጎ ስምዎን ይጠይቅና ወዲያው በግጥም ያነሣዎታል። ግጥሙ ሙገሳ መስሎዎት ከሳቁ በኋላ፣ ወርቁን ቤትዎ ገብተው ሲያገኙት ይቀላሉ።

ይህ አገር ትልቁን የልቦለድ ደራሲያችንንም አፍርቷል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በዚሁ አካባቢ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረው አድገዋል። “ፍቅር እስከ መቃብር” በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ከጎጃም የቅኔ ቤት የወጣው በዛብህ በመላው ኢትዮጵያ ታወቀ። በዚያው ዓመት አካባቢ ሌላ የጎጃም ልጅ፣ ይኸኛው በሥጋ ያለ፣ በአዲስ አበባ ከሰው ፊት ቆሞ መዝፈን ይጀምር ነበር። ዕድሜው አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ነበር።

ሙሉቀን ከትውልድ አገሩ የያዘው ምን እንደ ሆነ በሚዛን ልመዝንልዎ አልችልም። በሕፃንነቱ የወጣ ልጅ ነውና ጎጃም አስተማረችው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን በደብረ ማርቆስ ሌሊት ዜማውን ካዳመጡ በኋላ፣ በማግስቱ “ሄደች አሉ”ን ቢከፍቱ፣ ያ በጉሮሮ ውስጥ የሚንቀጠቀጥና የሚጠማዘዝ ድምፅ እንግዳ አይሆንብዎትም።

ልጁ በከተማ

የ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ሌሊቷ የማይመሽ ከተማ ነበረች። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ነሐሳቸውን እያብረቀረቁ ይወዳደሩ ነበር። በምሽት ክበቦች ደግሞ ወጣቶች ትንንሽ ባንዶችን እያቋቋሙ የውጭውን ዳንስ ከአገሩ ቅኝት ጋር ያጋቡ ነበር። ትንሹ ሙሉቀን የገባው በዚህ መካከል ነው። በክበብም ዘፈነ፣ በፖሊስ ኦርኬስትራም ሠራ፤ ድራምም ይመታ ነበር። ታዳሚዎቹ አባቶቹ ሊሆኑ በሚችሉበት አዳራሽ ውስጥ አንድ ልጅ ስለ ፍቅር ሲያንጎራጉር አስበው ይዩት!

በዚያን ጊዜ ሸክላ ማሳተም ለማንም አይፈቀድም ነበር። መብቱ በሕግ የተሰጠው ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ግን አምኃ እሸቴ የሚባል ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ በድፍረት ተነሥቶ የራሱን ሸክላዎች በውጭ አገር፣ በመጀመሪያ በሕንድ፣ አሳትሞ አስገባ። ማንም አላሰረውም። በተከፈተው በር ሌሎችም ገቡ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የዘመኑ ወጣት ድምፆች ሁሉ በትንሿ ሸክላ ላይ ተቀረጹ። በመንግሥት ኦርኬስትራ ደመወዝ ብቻ ይኖር የነበረ ዘፋኝ በስሙ የሚሸጥ ሥራ አገኘ። የሙሉቀንም ስም ከአዲስ አበባ ወጥቶ በየጠቅላይ ግዛቱ የተሰማው በዚህ መንገድ ነው። በሕፃንነቱ ዓባይን ተሻግሮ የወጣው ልጅ፣ ድምፁ በሸክላ ሆኖ ዓባይን ተሻግሮ ተመለሰ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ። ግጥም ከደረሱለት ሰዎች መካከል ሸዋሉል መንግሥቱና ዓለም ፀሐይ ወዳጆ ይገኛሉ፤ ሁለቱም ሴቶች ናቸው። ወንዱ ለሴቲቱ የሚያንጎራጉረውን የፍቅር ቃል ሴት ጽፋ ትሰጠው ነበር ማለት ነው። የዘፈኖቹ ትሕትና፣ ያ የማያስፈራራና የማይፎክር ልመና፣ ከዚህም የመጣ ይመስለኛል።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ። የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ሌሊቷ የማይመሽ ከተማ በጊዜ የምትተኛ ሆነች። አምኃ እሸቴ በ1967 ዓ.ም. አገር ለቆ ወጣ፤ ሸክላውም ቀስ በቀስ በካሴት ተተካ። ብዙ ድምፆች በዚያን ዘመን ጠፉ። የሙሉቀን ግን አልጠፋም። ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራቸው ሥራዎች በካሴት ተባዝተው በየቤቱ ገቡ። ወጣቱ በጭንቅ ውስጥ ሳለ የሚሰማው ድምፅ ይኸው ነበር።

የተቀመጠው ድምፅ

አሁን ወደ ክርክሩ ደረስን። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሙሉቀን ገና በወጣትነት ዕድሜው፣ ዝናው ከጫፍ በደረሰበት ጊዜ፣ የወንጌላውያንን እምነት ተቀበለ፤ ዘፈንንም ተወ። አገሩን ለቆም ወደ አሜሪካ ሄደ። ከዚያ በኋላ ድምፁን ለመዝሙር ብቻ አደረገው። አድናቂዎቹ ግን ተስፋ አልቆረጡም። አንድ ቀን ይመለሳል፣ አንዲት ዘፈን ብቻ ይለቅልናል እያሉ ዐሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት፣ ሠላሳ ዓመት ጠበቁ።

እርሱ ዝም ባለበት ዘመን የቀድሞ ዘፈኖቹ ዝም አላሉም። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ በ1990 ዓ.ም. ገደማ “ኢትዮፒክስ” ብሎ የአገራችንን የድሮ ሸክላዎች በተከታታይ በሲዲ ማሳተም ሲጀምር፣ በመጀመሪያው ቅጽ “ሄደች አሉ” እና “ወተቴ ማሬ” ገቡ። አማርኛ የማያውቅ የፓሪስና የለንደን ሰው የጎጃሙን ልጅ አዳመጠ። ዘፋኙ የተወውን ዓለም አነሣው።

ደብረ ማርቆስ በደረስሁ ምሽት ከዩኒቨርሲቲው መንገድ አጠገብ ከአንዲት ትንሽ ሻይ ቤት ገብቼ ተቀመጥሁ። ብርዱ ጠንክሮ ነበር፤ ተማሪዎች ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ይሞቁ ነበር። ከእነርሱ አንዱ በስልኩ የሙሉቀንን ዘፈን ከፈተ። ሻይ የምትቀዳውን ልጅ፣ “ዘፋኙን ታውቂዋለሽ?” አልኋት።

“ድምፁን አውቀዋለሁ፤ አባቴ ሁልጊዜ ይሰማዋል።”

“የጎጃም ሰው መሆኑንስ?”

ማንቆርቆሪያውን እንደ ያዘች ቆማ አየችኝ። “የእኛ አገር ሰው ነው እንዴ!” አለች። ከዚያም ወደ ጓዳው ዞራ፣ “እማዬ! ሰማሽ? የእኛ አገር ሰው ነው አሉ!” ብላ ተጣራች። ልጁ ስልኩን ከፍ አደረገው። እናትየው ከጓዳ ብቅ ብለው፣ እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆመው ሰሙ። ምንም አልተናገሩም።

ሙሉቀን መለሰ ሚያዝያ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. በአሜሪካ ዐረፈ፤ ዕድሜው ሰባ ዓመት ገደማ ነበር። የተጠበቀችው አንዲት ዘፈን ሳትመጣ ቀረች። ዜናውን የሰማሁ ዕለት ያ የአውቶቡስ ክርክር ትዝ አለኝ። ወጣቱ ጸሓፊ እንደሚያዝን አወቅሁ፤ እኔም አዝኛለሁና። ፍርዱን ስጥ ብትሉኝ ግን ዛሬ ከሽማግሌው ጋር እቆማለሁ። የሰጠን ነገር ትንሽ አልነበረም። በልጅነቱ ጀምሮ እስኪያቆም ድረስ የሠራውን እኛ ግማሽ ምዕት ዓመት ተጠቅመንበታል፤ ለሠርጋችንም፣ ለሐዘናችንም፣ ለስደታችንም ሆኖናል። ከዚያ በላይ የራሱን ሕይወት ልንጠይቀው አይገባንም ነበር። ብዙ ሰው የተጨበጨበለትን ነገር መተው አይችልም፤ እርሱ ያመነበትን መርጦ ጭብጨባውን ተወ። በእምነቱ ባንስማማ እንኳ፣ ላመኑበት ነገር ይህን ያህል መክፈል ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን።

ይህን የምጽፈው ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በሕይወት መጀመሪያ ላይ ስላላችሁ ነው። አንዳንዶቻችሁ ሌሎች በሚያመሰግኑላችሁ ሥራ ላይ ተቀምጣችሁ ልባችሁ ግን ሌላ ቦታ ይሆናል። አንዳንዶቻችሁም ያሳደጋችሁን ዘመድ ስም ተሸክማችሁ በባዕድ ከተማ ትኖራላችሁ። የሙሉቀን ኑሮ ለሁላችሁም የሚሆን መልስ አይሰጥም። ነገር ግን ሰው ከወጣበት አገርም፣ ከተጠራበት ስምም፣ ከተመሰገነበት ሥራም የሚሰፋ መሆኑን ያሳያል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄዱበት ቀን ሲደርስ ምክሬን ያስታውሱ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ምክንያት መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት አይደለምና፣ በመጀመሪያ ሰላሙን ጠይቀው ይነሡ። ጋቢዎንም አይርሱ። የዓባይን ድልድይ ተሻግረው ዳገቱን ሲጀምሩ “ሄደች አሉ”ን ይክፈቱ። ከጎንዎ የተቀመጠው ሰው ክርክር ቢያነሣ አይቆጡ፤ ደጀን እስክትደርሱ ጊዜ አላችሁ። ከተማዋም ሲገቡ ከአንዲት ሻይ ቤት አረፍ ብለው፣ ሻይ ለምትቀዳልዎ ልጅ ዘፋኙ የአገርዋ ልጅ መሆኑን ይንገሩልኝ።